የአቡ በርቅ ጫማ

ሪያድ የገባሁ ሰሞን ያስገባኝ ደላላ «ዕድለኛ ነሽ፤ አሠሪሽ የሑቁቅ ጠበቃ ነው» ብሎ አበሰረኝ። እኔም አምኜ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በዚህ አገር ለሚሠራ ሐበሻ ሑቁቅ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የተከለከለ እረፍት፣ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት ፓስፖርት፣ ባጭሩ የሠራተኛ መብት። የመብት ጠበቃ ቤት ገብቶ መብቱን የሚያጣ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ጎረቤት ቪላ የምትሠራው ሸሪፋ ወሬውን ሰምታ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰች። በሳምንቱ የሐበሻ ሴት ሁሉ ብሶቷን በድምፅ እየቀዳች በዋትሳፕ ትልክልኝ ጀመር። «ጀሚላ እህቴ፣ አደራሽን ለባባሽ፣ ለጠበቃው አሠሪሽ ንገሪልኝ» ትላለች ሁሏም። እኔ ሞኟ ደግሞ ብረት ድስት እየፈገፈግኩ ሁሉንም በየተራ አዳምጥ ነበር።

ኋላ ስረዳው አሠሪዬ ዶክተር ነዋፍ የሚጠብቀው ሑቁቅ የሰው አይደለም፤ የሥዕል፣ የአርማና የአሻንጉሊት ነው። ከሁሉ አስበልጦ የሚጠብቀው ደግሞ አቡ በርቅን ነው። አቡ በርቅ ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ የልጆች መጽሔት ላይ በሥዕል ይወጣ የነበረ ጀግና ነው። ቀይ ካባ አለው፣ ደረቱ ላይ መብረቅ ተስሏል፤ ቀኝ እጁን ሲያነሳ ሰማዩ ይበራል፣ ክፉዎች ይወድቃሉ፣ የታሰሩ ይፈታሉ። መጽሔቱ ከተዘጋ፣ ሠዓሊውም ከሞተ ቆይቷል። ወራሾቹ ግን ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይስለው፣ እንዳያትመው፣ እንዳይቀርጸው ውክልናውን ለዶክተሩ ሰጥተዋል። ባዲዓ ሰፈር ውስጥ አቡ በርቅን ካናቴራ ላይ ያተመ አንድ ምስኪን ባለሱቅ ነበር፤ ዶክተሩ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ፍርድ ቤት አመላለሰው። ያን ቀን ኬክ ይዞ ነው የገባው። እኔም ቁራሽ ደርሶኛል፤ ይጣፍጥ ነበር።

ዶክተሩ በመጽሔቱ ዘመን የተሠራ፣ ቁመቱ ስንዝር የሚሆን የፕላስቲክ አቡ በርቅ አለው። በከተማው ከጥቂት ሰው እጅ በቀር አይገኝም ይላሉ። በእንግዳ መቀበያው በመጅሊሱ ውስጥ የመስታወት ቁም ሳጥን ተሠርቶለት፣ መብራት በርቶለት ይኖራል። የእሱ ቤት ከእኔ ክፍል ይሰፋል ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ መብራቱ ግን የተሻለ ነው። ሚስቱ መዳም ጣዖት ነው የምትለው። ምስል ያለበት ቦታ መላእክት አይገቡም ብላ ክፍሉን አትረግጠውም። መላእክትም መዳምም የማይገቡበትን ክፍል የማጸዳው እኔ ነኝ።

ስሜ ጀሚላ ነው፤ እዚያ ቤት ግን ሱዓድ ነበርኩ። የመዳም እናት ጀሚላ ይባላሉ። የእናቷን ስም ጠርታ «ሽንት ቤቱን እጠቢ» ማለት ነውር ሆነባትና በገባሁበት ቀን ስሜን ቀየረችው። እንግዳ ሁሉ የሚያውቀኝ ሱዓድ ብሎ ነው። ጀሚላ የሚለው ስም የቀረው ፓስፖርቴ ላይ፣ ሐበሾቹ አፍ ላይና ባሌ አፍ ላይ ብቻ ነው።

ባሌ ሬድዋን ኮምቦልቻ ነው ያለው። ኒካሓችን የታሰረው በስልክ ነው፤ አባቴና ምስክሮቹ እዚያ፣ እኔ እዚህ እጄ በሳሙና እንደተነከረ ስፒከር ላይ። «ወደሽ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ መዳም ከላይ «ሱዓድ» እያለች ትጣራለች። ያን ጊዜ «አቤት፣ አዎ» ያልኩት ለማን እንደሆነ ሬድዋን እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ እኔና ባሌ አንድ ማዕድ ቀርበን አናውቅም። እሱም ሰፈሩ «ሚስትህ በእውነት አለች ወይ?» እያለ እንደሚያሾፍበት ይነግረኛል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሌ እንደሚለው እረፍት ወጥቼ ባሌን በዓይኔ ማየት። የመውጫ ቪዛውን የሚያወጣው ዶክተሩ ነው። በጠየቅኩት ቁጥር «ኢንሻአላህ» ይላል። ኢንሻአላህ የተከበረ ቃል ነው፣ እኔም እለዋለሁ። በዶክተሩ አፍ ግን እምቢ ማለት ነው፤ ያውም ይግባኝ የሌለው።

አንድ ቀን ዶክተሩ አቡ በርቅን ከመስታወቱ አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳው የሶፋ ጫፍ ላይ አቆመው። ሰማይ ለሰማይ የሚበረው ጀግና ከሶፋ ወደቀ። አርባ ዓመት የደረቀ ፕላስቲክ ነውና እብነ በረዱ ላይ ሲያርፍ ቀኝ እጁ ከትከሻው፣ ራሱ ከአንገቱ ተለያዩ። ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ስብርባሪውን እየለቀመ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ደግነቱ የሰበረው እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ብሆን ኖሮ ይህን ታሪክ የማወራው ከሌላ ቦታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የድሮ አሻንጉሊት የሚሰበስቡ ወዳጆቹ ይመጣሉ። ጀግናቸውን አንገቱ ተቀንጥሶ እንዴት ያሳያቸው? ቀና ብሎ አየኝና የመጅሊሱን ኮርኒስ የሠራው ሐበሻ የት እንዳለ ጠየቀኝ።

ፋሲልን ማለቱ ነው። ፋሲል የጎንደር ልጅ ነው። ዑድ ሰፈር ከሌሎች ሐበሾች ጋር ተዳብሎ ይኖራል፤ ዐዚዚያ ሰፈር አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ጂብስ የሚሉትን ጀሶና ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ፕላስቲክ እየበጠበጠ፣ ሻጋታ በሚባለው የቅርጽ ማውጫ የኮርኒስ አበባ፣ የአንበሳ ፊት፣ ደንበኛ ያዘዘውን ሁሉ ያወጣል። ከከፊሉ፣ ማለትም በስሙ ካስመጣው አሠሪ ከጠፋ ቆይቷል፤ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ዶክተሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ኮርኒሱንም ያሠራው ስለዚሁ ነው። ለመብት ጠበቃ መብት የማይጠይቅ ሠራተኛ ይመቸዋል። ፋሲል አንድ ዐመል አለው፤ ደንበኛ የተናገረውን እንዳለ ይሠራል፣ ቀልድና ትዕዛዝ አይለይም። አንድ ደንበኛ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ «አበባው መሐል የወንድሜን አፍንጫ አድርግልኝ» ቢለው ፎቶ እንዲልክለት ጠይቆታል።

ዶክተሩ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ በራስ ጥምጥሙ በሽማጉ ፊቱን ሸፋፍኖ፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ዐዚዚያ ነዳ። የፋሲል ዐረብኛ ለጂብስ ዋጋ እንጂ ለሌላ አይበቃም፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስንጥቁ እንዳይታይ ዶክተሩ የፈለገው ጥገና ሳይሆን አዲስ ቅጂ ነበር። ፋሲል ስብርባሪውን ገጣጥሞ አገላበጠና የፕላስቲኩ ሰውዬ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ይህን ስተረጉምለት የዶክተሩ ዓይን በራ። የአእምሮ ሥራ ባለቤት እንዳለው፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ስርቆት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ቢሞትም መብቱ ለወራሽ እንደሚተላለፍ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ወንጀል ሊሠራ መጥቶ ስለ ወንጀሉ እንዲህ አሳምሮ የሚናገር ሰው አይቼ አላውቅም። ፋሲል እኔን አየኝ።

«ከፊል አለው ነው የሚለው» አልኩት። «ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሌላ ቦታ መሥራት አይችልም።»

«ከፊሉ የት ነው?»

«ሞቷል። ልጆቹ ናቸው የያዙት።»

«ወደ ሌላ ከፊል አላዛወሩትም?»

«የለም።»

ፋሲል አንገት የሌለውን ጀግና እያዘነ አየው። «በይ እንግዲህ፣ እንደኔው ነዋ» አለ።

ዶክተሩ ምን እንዳለ ሲጠይቀኝ «እሠራዋለሁ ይላል» አልኩት። እሱም እዚያው ቆሞ ለሁለታችንም ቃል ገባ፤ ለሐሙስ ከደረሰ ለእኔ መውጫ ቪዛ፣ ለፋሲል በእሱ ስም ኢቃማ። ኢንሻአላህ።

ፋሲል ሥራውን በቪዲዮ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። ቁርጥራጩን አጣብቆ ስንጥቁን ደፈነ፤ አቡ በርቅን እስከ ግማሽ ጎኑ ጭቃ ውስጥ አስተኛው። ዙሪያውን በእንጨት አጥሮ እንደ ጎማ የሚጠነክረውን ሲሊኮን ከአንድ ጥግ ቀጠን አድርጎ አፈሰሰበት፤ በችኮላ ከፈሰሰ አየር ይይዛል፣ አየር ከያዘ ደግሞ የጀግናው ፊት ፈንጣጣ የጨረሰው ይመስላል። ሲጠነክር ገልብጦ ጭቃውን አነሳ፣ ቫዝሊን ቀባ፣ ሁለተኛውን ግማሽ አፈሰሰ። ከዚያ ሁለቱን የሻጋታ ግማሾች በላስቲክ ጠፍሮ በተዋት ቀዳዳ ሬዚኑን ጨመረ። የሪያድ ሙቀት ሬዚኑን ገና ኩባያው ውስጥ እያለ ስለሚያደርቀው በበረዶ ውሃ እያቀዘቀዘ ነው የሚበጠብጠው። ቀለሙን ቀብቶ ሲያበቃ አዲስነቱ እንዳያሳብቅ በጥቁር ሻይ አሸው። የትናንት ልጅ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አርባ ዓመት ሞላው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ከሁሉ የሚከበሩት አቡ ቱርኪ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ማጉያ መነጽር ይዘው ነው የሚዞሩት። አቡ በርቅን ካገላበጡ በኋላ የዛሬ ሰው እንዲህ ያለ ፊት መሥራት እንደማይችል መሰከሩ። ዶክተሩም ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ። እኔ ፍንጃል እየሰበሰብኩ ሳቄን ዋጥኩት። ሰዉ ሲሄድ ስለ ቪዛዬ ጠየቅኩት። «ኢንሻአላህ» አለኝ።

ዶክተሩን ነገሩ ጣመው። ለአቡ ቱርኪ አንድ በስጦታ ሊሰጥ ፈለገ፣ ከአንድ የድሮ መጋዘን አገኘሁ ብሎ። ለአቡ ቱርኪ ከሰጠ ሌላው ይከፋዋል፤ ለሌላው ከሰጠ ሦስተኛው። በየመጅሊሱ ስሙ ተነሳ። ይሄ ስርቆት አይሆንም ወይ ብዬ ብደፍረው ቅጂ ሳይሆን ለሠዓሊው መታሰቢያ እንደሆነ አስረዳኝ። የባዲዓው ባለሱቅ ካናቴራውን መታሰቢያ ነው ቢል ኖሮ ዛሬ ሱቁ ክፍት ነበር።

በዚያው ሁለት ነገር አስጠነቀቀን። አንደኛው ሻጋታው ነው፤ አሻንጉሊቱ ቢያዝ ብዙም አይደለም፣ ወንጀሉ ሻጋታው ላይ ነው፣ ስትጨርሱ አቃጥሉት አለ። ሁለተኛው ጫማው ነው። የአቡ በርቅ ጫማ ስር በጥቃቅን ፊደል «ሑቁቅ መሕፉዛ» የሚል ጽሑፍ አለ። መብቱ የተጠበቀ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ጽሑፉን ከነነፍሱ ይዞ ነበር የወጣው። ከእንግዲህ ግን ይህ ጽሑፍ ያለበት ቅጂ ማጭበርበር ይሆናል፤ ከሌለበት ግን መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ይፋቅ። እኔን ሲቀበሉኝ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ስሜን ፍቀው ሥራውን አስቀሩት።

ለፋሲል ደወልኩለት። ያን ቀን ሬድዋን «ካልመጣሽ እኔ ልምጣ?» ብሎኝ ነበር። ጫማው ስር ያለውን አጥፋ ተብለሃል አልኩት። ፋሲል ሻጋታው ላይ ፊደሉን ደፍኖ ሌላ መቅረጽ እንደሚችል ነገረኝና «ባዶውን ይቅር ወይስ ምን ልጻፍበት?» አለኝ።

«ጀሚላን ልቀቅ ብለህ ጻፍበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ያልኩትንም ረሳሁት።

ወራት ሄዱ። ከዚህ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ፣ ከዒድ በኋላ እያለ ዶክተሩ አሠራን። አረፋ ሲቃረብ ባለው ሐሙስ አቡ ቱርኪ ፊታቸው በርቶ ገቡ። የተሰጣቸውን አቡ በርቅ ገልብጠው ለጉባኤው አሳዩ። ጫማው ስር ማንም የማያውቀው ጽሑፍ አግኝተዋል። አንዱ የፋብሪካ ምልክት ነው አለ፤ ሌላው የጥንት የመን ፊደል እንደሆነ ማለ። አቡ ቱርኪ ግን አጣርተዋል፤ የሐበሻ ፊደል ነው፣ እንግዲያው ይህ ለሐበሻ ታስቦ የተሠራ፣ ማንም የማያውቀው እትም ነው፣ ከዋናው ይልቅ ብርቅ ነው። ሁሉም የየራሱን ይዞ መጥቶ ኖሮ ገለበጠው። ሁሉም ጋ አለ። መጅሊሱ በደስታ ተናወጠ፤ የዶክተሩ ፊት ግን ዐመድ መሰለ።

እኔ ቴምር ይዤ ስገባ አቡ ቱርኪ ጠሩኝ። «ያ ሱዓድ፣ የአገርሽ ፊደል ነው ይላሉ። ምን ይላል?»

ማጉያውን ሰጡኝ። ቀኝ እግሩ ላይ «ጀሚላን»፣ ግራ እግሩ ላይ «ልቀቅ»። ፋሲል ሻጋታው ላይ ፊደሉን በግልባጩ ቀርጾ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ አውጥቶታል። ዶክተሩ በዓይኑ «የሆነ ነገር በይ» ይለኛል። የፋብሪካ ስም ነው ማለት እችል ነበር። ግን ስሜን ያን ያህል ጊዜ ካጣሁት በኋላ የጀግና እግር ስር አገኘሁት፤ ልክደው አልቻልኩም።

«ጀሚላን ልቀቅ ይላል» አልኩ በዐረብኛ።

«ጀሚላ ማን ናት?» አሉ አቡ ቱርኪ።

ጠበቃ ጠበቃ ነው። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «እጮኛው ናት» አለ። «ጠላቱ ከቤቱ አስቀምጧት ነበር።»

አቡ ቱርኪ በልጅነታቸው ሁሉንም እትም አንብበዋል፤ እንዲህ ያለች ሴት አያስታውሱም። ዶክተሩ በመጨረሻው እትም ላይ እንደሆነና እሱም ሳይሰራጭ እንደቀረ ነገራቸው። ሽማግሌው በጣም አዘኑ። «ታዲያ ለቀቋት?» ብለው ጠየቁ።

ዶክተሩ ሽማጉን አስተካከለ። ሁሉም ይጠብቃል። እኔ የቴምሩን ትሪ ይዤ እንደቆምኩ ነኝ።

«ባባ» አልኩት፣ «መቼ ነው የለቀቋት?»

ዓይን ለዓይን ተያየን። «ከዒድ በፊት» አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቡ ቱርኪ፣ ከልባቸው።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ከመሳቢያው ፓስፖርቴን አውጥቶ ማድቤት ድረስ መጣ። ቪዛው ወጥቷል። «ጀሚላ» አለኝ። እዚያ ቤት በስሜ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ የሐበሻው እትም ፈላጊ ስለበዛበት ከመሄዴ በፊት ፋሲል የመጨረሻ ጥቂት እንዲያወጣለት ፈለገ። ሹፌሩን አስከትሎ ላከኝ። ወንጀሉ ራሱ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ አሁን እትም ሆኗል።

ፋሲል ታሪኩን ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀልዴን እንደነበር ስነግረው ደግሞ ደነገጠ። ለምን የራስህን ስም አልጻፍክም አልኩት።

«የኔን ማን ላይ ልጻፈው?» አለ። «ልቀቅ የሚባለው የያዘ ሰው ሲኖር ነው። እኔን የያዘኝ የለም እህቴ፣ የሚያባርረኝ እንጂ።»

ሥራው ሲያልቅ አዲሶቹን አቡ በርቆች ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ጫማቸውን አላየሁም። ሻጋታውንም በፌስታል አድርጎ ከሻንጣዬ ውስጥ እንድከተው ለመነኝ። አቃጥሉት ቢባልም እጁ እንቢ አለው፤ እሱ ዘንድ ቢቆይ ደግሞ ፍተሻ ሲመጣ ይገኝበታል። ዶክተሩን የኢቃማውን ነገር እንዳስታውስለት አደራ አለኝ። አስታወስኩት። ዶክተሩ ምን እንዳለኝ መገመት አያቅትም።

አገሬ ገባሁ። ሬድዋን ስልኩ ላይ ከነበረው አጠር ይላል፤ ጎኔ ሲቀመጥ ግን ይሞቃል፣ ስልክ ይህን አያደርግም። ሚስቱ በእውነት መኖሯን ለማረጋገጥ ሰፈሩ ሁሉ ምሳ በላ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለፋሲል ብደውል ስልኩ አይነሳም። አብሮት የሚኖረው ደርበው ነው የነገረኝ፤ ከወርክሾፑ ሲወጣ ፍተሻ ላይ ተይዞ ተርሒል፣ ከአገር የሚባረሩት የሚታጎሩበት እስር ቤት ገብቷል። መቼ እንደሚወጣም፣ ወዴት እንደሚወጣም የሚያውቅ የለም። ለእኔ ልቀቅ ብሎ የጻፈ እጅ ነው የታሰረው።

በዚያው ሰሞን ከዶክተሩ ፎቶ መጣልኝ። የአዲሱ እትም ጫማ ነው። ጽሑፉ የተለየ ነው፣ አቡ ቱርኪ ትርጉሙን እየጠየቁ ነው፣ ለሐሙስ ይፈለጋል ይላል። ፎቶውን አሰፋሁት። ቀኝ እግሩ ላይ «ፋሲልን»፣ ግራ እግሩ ላይ «አትያዙ»። ከሻንጣዬ ሻጋታውን አውጥቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ያው ፊደል በግልባጩ አለ። ምስኪኑ፣ በየባለጸጋው መጅሊስ አትያዙኝ ብሎ ጽፎ አስቀምጧል፤ ማንበብ የምትችለውን አንዲቷን ሴት ግን አስቀድሞ አስፈትቷታል።

እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ «ፋሲልን አትያዙ ይላል። ፋሲል ማን ነው ብለው ከጠየቁህ የአቡ በርቅ ወንድም ነው በላቸው። ታዲያ ለቀቁት ወይ ካሉህ ደግሞ ቀኑን ንገራቸው። እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

ብዙ አልቆየም። «ኢንሻአላህ» ብሎ ላከልኝ።

ሻጋታውን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ፣ የአቡ በርቅ ፊት ጎላ ብሎ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳሁት። ላኩለትና ከስሩ ጻፍኩ፤ «ሻጋታው እኔ ጋ ነው። የሠዓሊውን ወራሾች አድራሻ ብትልክልኝ መታሰቢያ አድርጌ እሰጣቸው ነበር።»

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። ቆመ፣ ደግሞ ጮኸ። ሬድዋን ዐረብኛውን ስም አይቶ «አታነሺውም እንዴ?» አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩት፤ ሻዬንም ቀዳሁ።